የመሪና የካምቢዮ ዘይት ቱቦዎችን ለይቶ ስለማወቅ

ለመስክ ተሽከርካሪ ሾፌሮች፣ ለረዳቶች፣ ለወረዳ የስምሪት ሠራተኞችና ለገጠር ጋራዦች የተዘጋጀ

ከደሴ ተነስቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ ተሽከርካሪ አብዛኛውን መንገድ የሚያልፈው በደጋና በውርጭ አገር ነው። ከመካነ ሰላም አልፎ ወደ ጎጃም የሚሻገር ከሆነ ደግሞ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ የአባይን በረሃ ይረግጥና ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ጠዋት በብርድ የተነሳ መኪና ቀን በቆላ ሙቀት ይጓዛል። መሪው በየመታጠፊያው ከዳር እስከ ዳር ይዞራል፤ ሞተሩ በዳገት ይግላል፤ በክረምት የመረሬ ጭቃ፣ በበጋ አቧራና ጠጠር ከሥር እየተወረወረ ያገኘዋል። በእንዲህ ያለ መንገድ፣ ከኮፈን ሥር ካሉት ዕቃዎች ቀድመው የሚያረጁት የጎማ ቱቦዎች መሆናቸውን በማሻ፣ በመካነ ሰላም፣ በወግዲ፣ በከላላና በሳይንት አካባቢ ለሥራ በተዘዋወርንበት ጊዜ ሁሉ ተመልክተናል።

እርሻ ምርምር ስለ መኪና ቱቦ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ምርጥ ዘሩ፣ ማዳበሪያው፣ የእንስሳት ክትባቱ፣ ለምርመራ የሚላከው የአፈር ናሙና፣ የልማት ሠራተኛውም ራሱ ብዙውን ጊዜ የሚጓጓዘው በመኪና ነው። በሰኔና በሐምሌ መድረስ የነበረበት ማዳበሪያ በነሐሴ መጨረሻ ቢደርስ ለገብሱም ሆነ ለስንዴው የሚፈይደው ትንሽ ነው። ክትባትም በበረዶ ሣጥን ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ የተወሰነ ነው። ከሁሉም በላይ ምጥ የጠናባትን እናት ይዞ ወደ ሆስፒታል የሚሮጠው የወረዳ አምቡላንስ የሚጓዘው በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ ከኮፈኑ ሥር ያሉትም እነዚሁ ቱቦዎች ናቸው።

አንድ ቱቦ ሲፈነዳ መጓተቱ የሚጀምረው ስሙን ካለማወቅ ነው። በመካነ ሰላም ገበያ ያልተገኘ መለዋወጫ ከደሴ፣ ከደሴም ከታጣ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይታዘዛል። በስልክ «የዘይት ጎማ ላኩልኝ» ተብሎ ሲታዘዝ ሻጩ የትኛውን ይላክ? የመሪውን ነው የካምቢዮውን? የግፊቱን ነው የመመለሻውን? ብዙውን ጊዜ የተሳሳተው ይመጣል፤ እሱም ተመልሶ ሌላው እስኪመጣ መኪናው ሳምንት ይቆማል። ከዚህ የከፋው ግን ሰው መጠበቅ ሰልችቶት ያገኘውን ቱቦ ሲያስር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አንድ ሾፌር ኮፈኑን ከፍቶ ያየውን ቱቦ ከመነሻው እስከ መድረሻው ተከትሎ ምን እንደሆነ ለመናገር እንዲችል ማድረግ ነው።

ቀይ ዘይት የሚያመጣው ግራ መጋባት

ጠዋት መኪናው ካደረበት ሥር መሬቱ ላይ ቀይ ጠብታ ከታየ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ የሚሠራው ዘይት ቀይ ነው። በብዙ የጃፓን መኪናዎች፣ በተለይም በቶዮታ፣ በመሪው ውስጥ የሚፈሰውም ይኸው ዴክስሮን ተብሎ የሚጠራው ዘይት ነው። ቀለሙ ከተፈጥሮው የመጣ አይደለም፤ ሲያፈስ ከሞተር ዘይት ተለይቶ እንዲታወቅ ሆነ ተብሎ የተጨመረበት ነው። ዴክስሮን የሚለው ስም የወጣው የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ለአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ባወጣው መስፈርት ነው። በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ ያለው የቤት አውቶሞቢል ለገበያ የቀረበው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1951፣ በክራይስለር ኩባንያ ነበር። ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ዓይነት ዘይት እንዲጠጡ መደረጉ ለሻጭም ለገዥም ቀሎ ሳለ፣ የሚያፈሰውን ለሚፈልገው መካኒክ ግን ሥራ አብዝቶበታል።

በዚህ ላይ በቅርብ ዓመታት በቶዮታ ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሮዝ ቀለም ያለው ነው። ስለዚህ ቀይ ያየ ሁሉ ዘይት አየሁ ማለት አይገባውም። ጠብታውን በነጭ ወረቀት ላይ መቀበል፣ በጣት አሽቶም መመልከት ያስፈልጋል። ዘይት ያዳልጣል፣ በወረቀቱ ላይ ይሰፋል፣ አይደርቅም፤ ውኃ ላይ ጠብ ቢል ይንሳፈፋል። የራዲያተር ፈሳሽ ግን ከውኃ ጋር ይቀላቀላል፣ ሽታውም ጣፋጭነት አለው። በምላስ መቅመስ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ መርዝ ነው። ለልጆችና ለውሾችም በተፋሰሰበት መተው አይገባም።

የመጀመሪያው ጥያቄ መኪናው ምን ዓይነት ነው የሚል መሆን አለበት። የክላች ፔዳል ያለው፣ ማለትም በፍሪሲዮን የሚነዳ መኪና ከካምቢዮ ወደ ራዲያተር የሚሄድ የዘይት ቱቦ አይኖረውም። በወረዳ መሥሪያ ቤቶች ያሉት የ70ዎቹ ተከታታይ ላንድክሩዘሮች፣ ሃይሉክስ ፒካፖችና የአይሱዙ ኤን ፒ አር የጭነት መኪናዎች በአብዛኛው ማኑዋል ናቸው። ስለዚህ በእነዚህ ላይ ከፊት በኩል የታየ ቀይ ዘይት ከመሪው መሆኑ ከሞላ ጎደል የተረጋገጠ ነው። በተቃራኒው ደግሞ እንደ ቪትዝ ባሉት ትናንሽ አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ መሪያቸው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ በመሆኑ የመሪ ዘይትም፣ ፓምፕም፣ ቱቦም የላቸውም። የእንዲህ ያለ መኪና ባለቤት «የመሪ ዘይት ሙላልኝ» ሲል፣ ረዳቱ ቦታውን ሲፈልግ ቆይቶ በመጨረሻ የፍሬኑን ዘይት ክዳን የሚከፍትበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አደጋ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የመሪውን ቱቦዎች ስለመከተል

ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ኮፈኑ ይከፈት። የመሪው ፓምፕ በብዙ መኪናዎች ላይ ከሞተሩ ጎን ሆኖ በቺንጊያ የሚዞር የጡጫ ያህል ዕቃ ነው። ከፓምፑ ላይ ወይም ትንሽ ራቅ ብሎ የዘይት ማጠራቀሚያ ጣሳ አለ፤ በክዳኑ ላይ ብዙውን ጊዜ የመሪ ሥዕል ይታያል። ከዚህ ተነስቶ ሦስት ቱቦ መፈለግ ነው።

አንደኛው ከጣሳው ወደ ፓምፑ የሚወርደው ነው። ወፍራምና አጭር ሲሆን ግፊት የለበትም፤ ዘይት ወደ ፓምፑ የሚሳበው በእሱ ነው። ጣሳው ከፓምፑ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ከሆነ ይህ ቱቦ አይኖርም። ይህ ቱቦ ሲሰነጠቅ ዘይት ሳያንጠባጥብ አየር ሊስብ ስለሚችል መካኒኮችን ያደናግራል። ምልክቱ በጣሳው ውስጥ ያለው ዘይት አረፋ መድፈቁና መሪው ሲዞር የሚሰማው የማልቀስ ድምፅ ነው። በጥቅምትና በኅዳር የአቀስታ ጠዋት ዘይቱ በብርድ ስለሚወፍር ሲነሳ ጥቂት ማልቀሱ የተለመደ ነው፤ ከሞቀ በኋላም የሚቀጥል ከሆነ ግን ይህ ቱቦና ማሰሪያዎቹ ይታዩ።

ሁለተኛው የግፊቱ ቱቦ ነው። ከፓምፑ ተነስቶ ወደ መሪው ሣጥን ይሄዳል። በላንድክሩዘር የመሪው ሣጥን ከፊት ጎማው አጠገብ በሻንሲው ላይ የታሰረ ነው፤ በአብዛኞቹ አውቶሞቢሎች ግን በሞተሩ ሥር ወይም ከኋላው በአግድም የተጋደመ ረጅም ዘንግ ነው። ይህ ቱቦ ከሌሎቹ የሚለይበት ምልክት ግልጽ ነው፤ ጫፎቹ ላይ ጎማው በብረት ቀለበት ተጨምቆ ተዘግቷል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው የብረት ቧንቧ ሲሆን፣ የሚታሰረውም በዳዶ ወይም መሐሉ በተበሳ ብሎን ነው። በካቻቢቴ የሚጠብቅ ማሰሪያ በዚህ ቱቦ ላይ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ምክንያቱም መሪው እስከ ዳር ሲዞር በውስጡ የሚኖረው ግፊት በትናንሽ መኪናዎች እንኳ ከ70 እስከ 100 ባር ሊደርስ ይችላል። የአንድ አውቶሞቢል የእግር ጎማ የሚነፋው ከ2 እስከ 2 ተኩል ባር መሆኑን ላሰበ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል።

ሦስተኛው መመለሻው ነው። ከመሪው ሣጥን ወደ ጣሳው ይመጣል፤ ቀጠን ያለ ሆኖ በቀላል ማሰሪያ የታሰረ ነው፤ ግፊቱም ጥቂት ባር ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በብዙ መኪናዎች ይህ የመመለሻ መስመር በቀጥታ ወደ ጣሳው አይገባም፤ በራዲያተሩ ፊት ለፊት በሚያልፍ የታጠፈ የብረት ቧንቧ አድርጎ ዘይቱን ካቀዘቀዘ በኋላ ነው የሚመለሰው። ይህን ቧንቧ ያየ ሰው «የካምቢዮ ማቀዝቀዣ ነው» ብሎ ይደመድማል። መለያው ቧንቧው ከራዲያተሩ ጋር አለመበየዱና ውስጡ አለመግባቱ ነው፤ ፊቱ ላይ ታስሮ ያልፋል እንጂ። አንዱን ጫፍ ቢከተሉት ወደ ጣሳው፣ ሌላውን ቢከተሉት ወደ መሪው ሣጥን ያደርሳል።

የካምቢዮው ቱቦዎች

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ዘይቱን የሚያቀዘቅዘው በብዛት በራዲያተሩ በራሱ ነው። በራዲያተሩ የታችኛው ሣጥን ውስጥ (ውኃው ከጎን ወደ ጎን በሚፈስባቸው ደግሞ በጎኑ ሣጥን ውስጥ) ትንሽ የዘይት ማቀዝቀዣ ተቀብራለች። ከካምቢዮው ሁለት የብረት ቧንቧዎች ጎን ለጎን ሆነው በሞተሩ ሥር ይመጡና ራዲያተሩ አጠገብ ሲደርሱ በሁለት አጫጭር የጎማ ቱቦዎች ይገናኛሉ። ጎማው የገባበት ምክንያት ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ራዲያተሩ ስለማይንቀጠቀጥ ነው። በአንዱ የጋለ ዘይት ይገባል፣ በሌላው የቀዘቀዘው ይመለሳል። እነዚህ ቱቦዎች መንታ መሆናቸው፣ ከራዲያተሩ ታች መግባታቸው፣ ከጣት ያልወፈሩ መሆናቸውና ጣሳ የሌላቸው መሆኑ ተደምሮ ይለያቸዋል።

ጥንቃቄ የሚያሻው፣ የተገዛ ራዲያተር ለማኑዋል መኪና ሆኖ ሳለ ሁለቱ የዘይት ቀዳዳዎች ሊኖሩት መቻላቸው ነው። በክዳን ተደፍነው ይመጣሉ፤ ምንም ነገር እንዲታሰርባቸው አያስፈልግም። አንዳንድ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ላይ ደግሞ ማቀዝቀዣዋ በካምቢዮው ጎን ተጣብቃ ትገኛለች፤ ወደ እሷ የሚሄዱት ሁለት ቱቦዎች ዘይት ሳይሆን የራዲያተር ውኃ የያዙ ናቸው። ቱቦን በቦታው ብቻ መፍረድ የማይበቃው ለዚህ ነው።

በካምቢዮው ቱቦ ያለው ግፊት ከመሪው መመለሻ ብዙም አይበልጥም፤ ሙቀቱ ግን ይበልጣል። በጭነት ዳገት ሲወጣ ዘይቱ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። በደጋማው ወሎ ይህን የሚያባብስ ነገር አለ። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በለጋምቦ ከፍታዎች ደግሞ ከዚያም ባነሰ። ራዲያተር የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ይዞ ስለሚያቆየው ነው። ክዳኑ ያረጀ መኪና አዳማ ላይ ሳይፈላ ይሠራና እዚህ ይፈላል፤ ራዲያተሩ ሲፈላም በውስጡ የተቀበረችው የዘይት ማቀዝቀዣ ሥራዋን ታቆማለች። ስለዚህ በአውቶማቲክ መኪና የካምቢዮ ዘይት እየተቃጠለ ቡናማ ሆኖ የቃጠሎ ሽታ ካመጣ፣ የካምቢዮውን ቱቦ ከመለወጥ በፊት ዋጋው ትንሽ የሆነውን የራዲያተር ክዳን ማየት ይበጃል።

ማቀዝቀዣዋ ከውስጥ ከተሸነቆረች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዘይትና ውኃ ይደባለቁና በራዲያተሩ አፍ ላይ ሮዝ ወተት የመሰለ ነገር ይታያል። ይህን ያየ ሾፌር መኪናውን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ እንዳይነዳ አጥብቀን እንመክራለን። ወደ ካምቢዮው የገባ ውኃ በውስጡ ያሉትን የፍሪሲዮን ሸራዎች ሙጫ ያላቅቃል። ተጎትቶ የሄደ መኪና ራዲያተርና የዘይት እጥበት ይበቃው ይሆናል፤ ተነድቶ የሄደ ግን ካምቢዮ ይገዛለታል።

ሌሎቹን ቱቦዎች በአጭሩ ለማንሳት፣ ከሞተሩ ራስ ወደ ራዲያተሩ ላይኛው ክፍልና ከታች የሚሄዱት ወፋፍራሞቹ የውኃ ናቸው። ወደ ተሳፋሪው ክፍል ግድግዳውን በስተው የሚገቡት ሁለቱ የማሞቂያው ናቸው። የነዳጅ ቱቦ በሽታው ይታወቃል። የአየር ማቀዝቀዣ ባለበት መኪና በአሉሚኒየም ጫፍ የተጨመቁ ቱቦዎች የመሪውን የግፊት ቱቦ ይመስላሉ፤ ወደ ራዲያተሩ ፊትና ወደ ግድግዳው የሚሄዱ ስለሆነ በመከተል ይለያሉ፤ በውስጣቸው የታመቀ ጋዝ ስላለ ማንም እንዳይፈታቸው።

አንዱን ቱቦ በሌላው ስለመተካት

ጎማ ሁሉ አንድ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ አደጋው ያለውም እዚህ ላይ ነው። የራዲያተር ቱቦ የሚሠራበት ጎማ ለፈላ ውኃ የተመረጠ ሲሆን ዘይት ሲነካው እንደ ረጠበ ዳቦ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በጥቂት ቀናትም ከማሰሪያው ይንሸራተታል። በመሪ መመለሻ ወይም በካምቢዮ መስመር ላይ የራዲያተር ወይም የማሞቂያ ቱቦ ቆርጦ ያሰረ ሰው መኪናውን ከጋራዥ በሰላም ያስወጣ ይመስለዋል፤ ቱቦው የሚለቀው ግን መንገድ ላይ፣ ምናልባትም የአባይን ጠመዝማዛ በመውረድ ላይ ሳለ ነው። የጋለ ዘይት በጭስ ማውጫው ቧንቧ ላይ ከተረጨ ደግሞ እሳት ሊነሳ ይችላል። የነዳጅ ቱቦ ዘይት ይችላል፤ የካምቢዮን ሙቀት ግን ለረጅም ጊዜ አይችልም፤ የመሪውን የግፊት መስመር ግን ለአንድ መታጠፊያ እንኳ አይችልም።

ጥሩ ቱቦ በላዩ ላይ ጽሕፈት አለው። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፈው የኤስ ኤ ኢ መስፈርት ቁጥር ይፈለግ። ጄ 188 የመሪ የግፊት ቱቦ ነው፤ ጄ 189 የመሪ መመለሻ ነው፤ ጄ 1532 የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ነው፤ ጄ 20 የራዲያተር ውኃ ነው፤ በ30 አር የሚጀምረው የነዳጅ ነው። የገጠር ጋራዦች እነዚህን አምስት ቁጥሮች በግድግዳቸው ላይ በኖራ ቢጽፏቸው ለደንበኛም ለሠራተኛም ይጠቅማል። ምንም ያልተጻፈበት ጥቁር ጎማ በኪሎ ወይም በክንድ የሚሸጥ ከሆነ ለዘይት አይገዛ።

ፈሳሹንም ማደናገር እንዲሁ አደገኛ ነው። ከላይ ወደ ኋላ እንመለስበታለን ያልነው የፍሬኑ ጉዳይ ይህ ነው። የፍሬን ዘይት ስሙ ዘይት ይባል እንጂ ከሞተርና ከካምቢዮ ዘይት ጋር አይዛመድም። በፍሬኑ ጣሳ ውስጥ ቀይ ዘይት ወይም የሞተር ዘይት ጥቂት እንኳ ቢጨመር በውስጡ ያሉት ጎማዎች ያብጣሉ፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ ወይም ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ይህ በተደረገበት መኪና ፈሳሹን ቀድቶ መጣል ብቻ አይበቃም፤ ጎማ የነካው ሁሉ መለወጥ አለበት። የፍሬኑ ጣሳ የሚገኘው በሾፌሩ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ሲሆን፣ በማኑዋል መኪናዎች አጠገቡ ትንሽ የፍሪሲዮን ጣሳ አለ። የመሪው ጣሳ ግን ወደ ፊት፣ ወደ ቺንጊያው ቀረብ ብሎ ይገኛል። ረዳት ክዳን ከመክፈቱ በፊት ሾፌሩ ወርዶ በጣቱ ቢያሳየው ነውር የለበትም።

የሚያፈሰውን ስለመፈለግ

መኪና ሲሄድ ነፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ይነዳዋል። ስለዚህ ከካምቢዮው ሥር የታየ ቀይ ዘይት ከፊት ከመሪው ፓምፕ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው ሥሩን በሳሙናና በውኃ አጥቦ ካደረቁ በኋላ ማታ ካርቶን አንጥፎ ማሳደር፣ ጠዋትም ጠብታው በየት ትይዩ እንደወደቀ ማየት ነው። ሁለቱንም ዘይቶች መለካትም ፍርዱን ያቀልላል። የመሪው በጣሳው ላይ ባለው የብርድና የሙቀት ምልክት ይነበባል። የካምቢዮው በብዙ ቶዮታዎች ሞተሩ ሞቆ እየሠራ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ማርሹ በፓርክ ላይ ሆኖ በመለኪያው ዘንግ ይታያል። የጎደለው የትኛው እንደሆነ ከታወቀ ሥራው ግማሽ ደርሷል።

ቀጥሎ ታኮ ተደርጎ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ ሞተሩ ይነሳና አንድ ሰው መሪውን ቀስ ብሎ እስከ ዳር ያዙር። ከዳር ደርሶ ከጥቂት ሰከንዶች በላይ ተይዞ እንዳይቆይ፤ ፓምፑ ይጎዳል። የግፊቱ ቱቦ ሕመም ካለበት በዚያች ቅጽበት ያልበዋል ወይም ይረጫል። በካምቢዮው ቱቦዎች ላይ ግን የመሪው መዞር የሚያመጣው ለውጥ የለም። ሁለቱን ለመለየት ከዚህ የቀለለ መንገድ አላገኘንም።

በዚህ ሥራ ላይ እጅ ወደ ቱቦው አይቅረብ። በመርፌ ቀዳዳ በሚያህል ሽንቁር የሚወጣ ከፍተኛ ግፊት ያለው ዘይት ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ የእሾህ ያህል ስለሆነና መጀመሪያ ላይ ብዙም ስለማያም ሰው ችላ ይለዋል፤ ከሰዓታት በኋላ ግን እጁ ያብጣል፣ ጣት እስከ ማጣትም ያደርሳል። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ሳያድር ሆስፒታል ሄዶ «ዘይት በግፊት ገብቶብኛል» ብሎ በግልጽ መናገር አለበት፤ ሐኪሙ ቁስሉን በዓይኑ ብቻ አይቶ የእሾህ ነው ሊል ይችላልና። የትራክተር ማንሻ ቱቦዎች ግፊታቸው ከመኪና መሪ ስለሚበልጥ ትራክተር ያላቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህን ለሠራተኞቻቸው እንዲያስረዱ እናሳስባለን። ሽንቁር የሚፈለገው በእጅ ሳይሆን በእንጨት ጫፍ በተያዘ ካርቶን ነው።

መንገድ ላይ ከሆነ

የመሪው ዘይት ቢፈስም መሪው ከጎማዎቹ አይለያይም። በድንገት ይከብዳል እንጂ መኪናውን ያዞራል። ይህን የማያውቅ ሾፌር መሪው የተቆለፈ መስሎት ይደነግጣል፤ የሚያውቀው ግን በሁለት እጁ አጥብቆ ይዞ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ፍጥነቱን ቀንሶ ዳር ይይዛል። ባዶ ሃይሉክስን በከባድ መሪ እስከ ቅርብ ከተማ ቀስ ብሎ ማድረስ ይቻላል። ጭነት የያዘ የጭነት መኪና ግን በጠመዝማዛ መንገድ ላይ በዚህ ሁኔታ መነዳት የለበትም።

ዘይት አልቆ ፓምፑ በደረቁ ቢዞር ይበላሻል። በአንዳንድ መኪናዎች ለመሪው ፓምፕ ብቻ የተለየ ቺንጊያ ስላለ እሱን አውልቆ መሄድ ይቻላል። ቺንጊያው ግን የውኃውን ፓምፕም የሚያዞር ከሆነ ማውለቅ ሞተሩን ማቃጠል ነውና ቀድሞ ይጣራ።

ሾፌሮቻችን በካላማዳሪ ቁራጭና በሽቦ የማይጠግኑት ነገር የለም፤ ብልሃታቸውንም እናደንቃለን። በመሪ መመለሻ ወይም በካምቢዮ ቱቦ ላይ ይህ እስከ ጋራዥ ሊያደርስ ይችላል። ቱቦው የተሰነጠቀው ከጫፉ ከሆነና ርዝመቱ የሚበቃ ከሆነ የተበላሸውን ቆርጦ መልሶ ማሰር ከዚያ ይሻላል። በግፊቱ ቱቦ ላይ ግን ካላማዳሪ መጠቅለል ዘይት ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም። አውቶማቲክ መኪና ደግሞ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ ካለ፣ ዘይቱ ጎድሏልና ወዲያው ይቁም። አጥፍቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ዘይት ሞልቶ እንጂ እልህ ይዞ መግፋት ካምቢዮውን በጥቂት ደቂቃ ይፈጀዋል።

እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ የከለከለ መሆኑ ይታወቃል። የኤሌክትሪክ መኪናዎች መሪያቸው በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ስለሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ ብዙም አይመለከታቸውም። በወረዳዎቻችን ያሉት አሮጌ መኪናዎች ግን ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግሉ ናቸው፤ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥርም ቱቦ መለወጣቸው አይቀርም።

ቱቦ ሲታዘዝ የመኪናው ዓይነት፣ የተሠራበት ዓመት፣ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር በወረቀት ይጻፍ። የግፊት ቱቦ ከሆነ አሮጌው ተፈትቶ እንዳለ ይላክ፤ የብረት ቧንቧው መታጠፊያና የዳዶው ጥርስ ካልገጠመ ሌላው ሁሉ ቢገጥም ከንቱ ነው። የመመለሻና የካምቢዮ ቱቦ ከሆነ የውስጥ ስፋቱ በሚሊ ሜትር ተለክቶ ከርዝመቱ ጋር ይገለጽ። ከመፈታቱ በፊት በየትኛው በኩል የት እንደታሰረ በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ በሞባይል ስልክ ፎቶ ማንሳትም ይቻላል። ዕቃው እስኪመጣ የተከፈቱት አፎች ሁሉ፣ የፓምፑም፣ የመሪው ሣጥንም፣ የራዲያተሩም፣ በንጹሕ ፕላስቲክ ታስረው ይቆዩ። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ወደ ፓምፑ ገብታ አዲሱን ቱቦ ይዞ የመጣውን ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ደሴ ልትመልሰው ትችላለች።